የሻምበል ጌትነት ፍትሐት

ጅቡቲ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ አካሉ
ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ

ጤናዎን ሳያጓድል፣ ቤትዎን ሳያናጋ እስከዚህ ቀን ያቆየዎት አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ሙቀቱ ከሚያንገበግበኝ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤ መጻፍ የመረጥኩት ስልክ ስለሚዘጉብኝ ነው። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ድምፄን እንደሰሙ ዘጉት። ይህን የሚያደርስልዎት ግሩም የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከወደቡ ዕቃ እየጫነ ባሕር ዳር ይመላለሳል። እኔ እዚህ የትራንዚት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ወረቀቶቹን የማስፈጽምለት እኔ ነኝ፤ የታመነ ሰው ነው።

የእማሆይን ማረፍ የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው። ያውም ከእርስዎ ሳይሆን ከጎረቤትዎ። እማሆይ ፅጌ ማርያም የአባቴ እናት፣ የእኔም አያት ነበሩ፤ ቀብራቸው ላይ መቆም አይገባኝም ነበር? ግን ለወቀሳ አልጻፍኩም። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

የጻፍኩት ስለ አባቴ ነው። ሻምበል ጌትነት የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ጠዋት ከአስመራ ተነሥቶ ቀይ ባሕር ላይ ሲቀር እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ተዝካር አልወጣለትም። እማሆይ በሕይወት እያሉ «ልጄ ይመጣል» ሲሉ ማንም ደፍሮ አይናገራቸውም ነበር። አሁን ግን እሳቸውም አረፉ።

ባለፈው መስከረም ደብረ ዘይት ሄጄ አብረውት የበረሩትን ኮሎኔል አስማማውን አግኝቻቸዋለሁ። ሁለት አውሮፕላን ሆነው ነበር የተነሡት። ከዳህላክ ወዲህ ፈጣን ጀልባዎችን ሲመቱ የአባቴ አውሮፕላን ተመታ። «ባሕሩ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጃንጥላው አልተከፈተም» ብለውኛል። ነዳጃቸው አልቆ ሊወድቁ እስኪደርሱ ድረስ በላዩ ዞረዋል። ከመመታቱ በፊት በሬዲዮ የሰሙት የመጨረሻ ቃሉ «ነዳጅህን እይ፤ ተመለስ» የሚል ነበር። ይህን ጽፈው ፈርመውልኛል፤ ቅጂውን አያይዣለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለፍትሐት የክርስትና ስሙ ያስፈልጋል። አባቴና እናቴ በማዘጋጃ ቤት ስለተጋቡ እሷ አታውቀውም ነበር፤ እሷም ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም። ስሙን ይላኩልኝ፤ እኔ ለየካቲት 4 ደርሼ ደቅ ደሴት ላይ፣ አያቴ ቄስ አካሉ ባገለገሉበት ደብር አስደርጋለሁ።

መልስዎን በጉጉት የምትጠብቅ፣
የወንድምዎ ልጅ ወንጌላዊት ጌትነት


ባሕር ዳር፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንጌላዊት ጌትነት

እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አላሳምረውም።

ሲጀመር እኔ ወይዘሮ አይደለሁም። ወይዘሪት ነኝ። አንድ አክስት ነው ያለሽ፤ ማግባት አለማግባቷን እንኳ ሳታጣሪ ነው ለልመና የተነሣሽው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጥር 28 ነው። የካቲት 4 እስኪያልፍ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሾፌሩን እንዳትወቅሺው። እሱንም ከበር ነው የመለስሁት። ያንቺን ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው የሚሆን ወንበር ቤቴ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ነገርሽ ልምጣ። ፍትሐት የሚደረገው ለሞተ ሰው ነው። አስከሬኑን ያጠበ አለ? የገነዘ አለ? መቃብሩ የት ነው? እናትሽ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጥቁሯን አውልቃ ሌላ ባል አገባች። ለእሷ ወንድሜ ቶሎ ነው የሞተላት። እኛ ቤት ግን ጥቁር የለበሰ ሰው የለም። አልጋውን አላፈረስነውም፤ ጫማውንም ለማንም አልሰጠነውም። እኔ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃዬን ጨርሼ ስገባ እማሆይ «ደብዳቤ የለም?» ይሉኝ ነበር፤ «ዛሬ የለም» እል ነበር። ኑሯችን ይህ ነበር፤ አንቺ አንድ ቀን አልኖርሽውም።

ጸሎት ካልሽ ይጸለይለታል። እማሆይ በ1983 ዓ.ም. ለፍልሰታ ደቅ ተሻግረው ስሙን ለነፍስ አባታቸው ለአባ ገብረ ኪዳን ሰጥተዋል። ቅዳሴ ላይ ለመንገደኞች በሚጸለይበት ቦታ ስሙ ይነሣል። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሊሆን ነው፤ አንድ እሑድ አልታለፈም። ወንድሜ መንገደኛ ነው። አንቺ ዛሬ ተነሥተሽ ከመንገደኞች አውጥተሽ ከሙታን ልትከቺው ነው? እማሆይ ሊያርፉ ሲሉ እጄን ይዘው «አደራሽን፣ ከመንገደኞች እንዳታስወጪው» ብለውኛል። አደራ በላ አልሆንም።

ኮሎኔል የምትይውን ሰውዬ ደግሞ አላምነውም። አብሮት ሄዶ ብቻውን የተመለሰ ሰው ነው። ወንድሜ «ተመለስ» ቢለውስ፣ ይመለሳል? የፈረመውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከትቸዋለሁ።

ስሙን አልሰጥሽም።

ፀሐይወርቅ አካሉ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀሐይወርቅ አካሉ

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ «እርስዎ» አልልሽም። ለምን እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ ይገባሻል።

ያንን ክረምት ታስታውሻለሽ? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ለእረፍት እናንተ ዘንድ ልካኝ ነበር። ከጣና ዳር ስንመለስ ቤት ውስጥ እንግዶች ቁጭ ብለው ነበር። አንዷ ሴትዮ «አባትሽ ማነው?» ስትለኝ «ሻምበል ጌትነት፣ ነፍሱን ይማረውና» አልኩ። ትምህርት ቤት ሌሎች ልጆች እንደዚያ ሲሉ ሰምቼ ነው። በሰው ፊት በጥፊ መታሽኝ። እማሆይ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አንቺ «ሁለተኛ እንዳትይው!» እያልሽ ትጮኺ ነበር።

ሁለተኛ አላልኩትም። ቅጽ ላይ «አባት በሕይወት አለ? የለም?» የሚል ጥያቄ ሲመጣብኝ ባዶውን እተወው ነበር። አባታቸው የሞተባቸው ጓደኞቼ አልቅሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ወጥቶላቸዋል። ለእኔ የማለቅስበት ቀን አልተሰጠኝም። አሁን ደግሞ ከቢሮዬ መስኮት የማየው ይኸው ራሱ ቀይ ባሕር ነው፤ አባቴ እዚያ ውስጥ መሆኑን እያወቅኩ በየቀኑ የኮንቴይነር ወረቀት ላይ ማኅተም አስመታለሁ።

ደብዳቤሽን ለኮሎኔል አስማማው በስልክ አነበብኩላቸው። «ብቻውን የተመለሰ» ያልሽው ላይ ስደርስ አቋረጡኝ። «እኔ እኮ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር» አሉኝ። እስከዚያ ቀን አልነገሩኝም ነበር፤ አፍረው ነው።

ሐምሌ 1983 ነው። መንግሥት ወድቆ፣ ጦሩ ተበትኖ፣ በየመንገዱ እየለመኑ በእግር ነው የመጡት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ነበር። ለአባቴ ቃል ገብተው ስለነበር ለእናቱ ሊነግሩ ነው የመጡት። ዓባይ ማዶ ጠይቀው ጠይቀው በራችሁን አገኙት። የፋብሪካ ሽርጥ የለበሰች ሴት ከፈተችላቸው። የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ሰምታ ስትጨርስ ምን አለቻቸው መሰለሽ? «እሱ ሞቶ አንተ እንዴት መጣህ?» ከዚያ ድንጋይ አነሣች።

ያቺ ሴት አንቺ ነሽ።

ታውቂ ነበር። ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር! «ዛሬ ደብዳቤ የለም» ስትያቸው፣ አልጋውን ስታነጥፊ፣ እኔን በጥፊ ስትመቺኝ፣ መሞቱን ታውቂ ነበር። አያቴ የልጃቸውን መርዶ ሳይሰሙ፣ ሳያለቅሱ ሞቱ። ያስጠበቅሻቸው አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው «እርስዎ» የማልልሽ።

ስሙን ካልላክሽ በሐምሌ ራሴ መጥቼ ደቅ እሻገራለሁ። አባ ገብረ ኪዳን በየእሑዱ የሚያነሡት ከሆነ ስሙን እሳቸውም ያውቁታል።

ወንጌላዊት


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንጌላዊት

ሰላም ብለሻልና ሰላም ልበልሽ። ደብዳቤሽ የቆየው በእኔ አይደለም፤ መንገድ ተዘግቶ ሾፌሩ ሁለት ወር ሳይመጣ ከርሟል። የደረሰኝ ግንቦት 27 ነው። ስድስት ቀን እያወጣሁ እየመለስሁ አነበብሁት።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ድንጋዩንም አንሥቻለሁ። እግሩን ነው ያገኘሁት።

የሰው ልጅ አልመስልሽም ይሆናል። አንቺ ደብረ ዘይት ሄደሽ ሻይ እየጠጣሽ የሰማሽውን እኔ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ሰውዬው ጫማው ተቀድዶ ጣቶቹ ይታያሉ፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሲናገር የማየው የወንድሜን ጓደኛ አልነበረም። በሕይወት ያለ ሰው ነበር ያየሁት፤ ጠላሁት። እማሆይ ጓሮ ጎመን ይለቅማሉ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይሰማሉ ብዬ ፈራሁ። ሂድ አልሁት፣ እንቢ አለ፣ መታሁት። ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ነገ ሲሆን ፍልሰታ ይለፍ አልሁ። ፍልሰታ ሲያልፍ ዓመት በዓል ነው አልሁ። እሳቸውም ለዚያው ፍልሰታ ደቅ ሄደው «ከመንገደኞች ጋር እንዲነሣ ስም ሰጥቼ መጣሁ» ሲሉኝ በምን አንደበቴ ልናገር? መምህር አዘዘ ቀለበት አስሮልኝ ነበር። «ወንድሜ ሳይመጣ ሠርግ የለም» አልሁት። አምስት ዓመት ጠበቀኝ፤ ምስኪን ሰው ነው። በስድስተኛው ቀለበቱን መለስሁለት። መሞቱን እያወቅሁ ነው እንዲያ ያልሁት፤ ስለው ደግሞ አምኘው ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን አትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቀውም።

አሁን ሞቷል ብዬ ስሙን ብሰጥሽ ያ ሁሉ ዓመት ምን ሊባል ነው? አንቺ አባትሽን ቀብረሽ ወደ ወደብሽ ትመለሻለሽ። እኔ ወዴት እመለሳለሁ?

ደቅ እቀድምሻለሁ። አባ ገብረ ኪዳን የኔን ቤተሰብ ትተው ያንቺን ቃል አይሰሙም።

«አንቺ» ማለትሽን ደግሞ አስተውያለሁ። እናትሽም አፏ እንዲሁ ነበር።

ፀሐይወርቅ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለፀሐይወርቅ

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ አንብቤ ስጨርስ ለአለቃዬ አመመኝ ብዬ ወጣሁ።

ስለ መምህር አዘዘ አላውቅም ነበር። ስለዚያ አዝናለሁ። ግን አባቴ የቀረው ሠርግሽን ሊያፈርስ አይደለም፤ እኔም የጠየቅኩት ዓመቶችሽን አይደለም። አንድ ስም ነው የጠየቅኩት። የእኔስ ዓመት ዓመት አይደለም? ከእናቴ ጋር ያለሽን ጠብ ለእኔ አታውርሺኝ፤ እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ ልጅ ታቅፋለች፣ የሠራዊቱ ቤት ልቀቂ ተብላለች። አገባች፤ አሳደገችኝ። ለመጠበቅ ቤት ያስፈልጋል፤ እሷ ቤት አልነበራትም።

ፈቃድ ወስጃለሁ። ሐምሌ 20 ባሕር ዳር እገባለሁ። አንቺ ቤት አላርፍም። አባ ገብረ ኪዳንን ቀድመሽ ብታሳድሚብኝ ስሙን ሳላውቅ «የፀሐይወርቅ ወንድም» እያልኩም ቢሆን አስፈታዋለሁ።

ወንጌላዊት


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና አይደለሁም። ታምሜም አይደለም።

ሰኔ 29 ደቅ ተሻግሬ ነበር። የሄድሁት አንቺን ላስመልስ ነው፤ አልዋሽሽም። ጣና ክረምት ገብቶበት ይናወጣል፤ ጀልባው ውስጥ ጧፌና ነጠላዬ ረጥቦ ነው የደረስሁት። አባ ገብረ ኪዳን አርጅተዋል። እጃቸውን ስሜ ቁጭ እንዳልሁ፣

«አባቴ፣ ከጅቡቲ አንዲት ሴት ትመጣለች። የወንድሜን ስም ከመንገደኞች ያውጡልኝ ብትልዎት እንዳይሰሟት» አልኋቸው።

«የማንን ስም?»

«የጌትነትን ነዋ!»

«አዬ ልጄ፣ ጌትነት ከመንገደኞች መች ገብቶ ያውቃል?» አሉኝ።

የዘነጉ መሰለኝ። ስሞች የሚጽፉበትን ደብተር አስመጡ፤ እሳቸው አሁን ማንበብ ስለማይችሉ እኔ ነኝ የገለጥሁት። በሙታን ወገን «ገብረ ሕይወት፣ ነሐሴ 1983» ይላል። የአባትሽ የክርስትና ስም ይህ ነው። ገብረ ሕይወት። ይኸው፣ እንካ ብዬሻለሁ።

ፍትሐቱ ያኔ ተደርጓል። እማሆይ ያን ቀን ከጓሮ ሆነው ሁሉን ሰምተው ኖሯል። የሰውዬውን ነገር፣ የኔን ጩኸት፣ ድንጋዩንም። ለፍልሰታ የሄዱት ለዚህ ነው። አባ ገብረ ኪዳን ያሉትን እንዳሉት ልጻፍልሽ። «እናትሽ እዚህ እግሬ ሥር ወድቀው አለቀሱ። ለሷ ይንገሯት ብላቸው እንቢ አሉ። አሁን ብነግራት አትችለውም፤ ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃታለሁ፤ የነገረችኝ ቀን አብረን እናለቅሳለን አሉ። እኔ ስሞት መጥታ ከጠየቀችዎት ግን ይንገሯት ብለው አደራ ጣሉብኝ።»

«እንግዲያ ከመንገደኞች ጋር የሚያነሡት ስም የማነው?» አልሁ። ገጹን ገለጥ አድርጊ አሉኝ። ወለተ ሐና ይላል። የኔ የክርስትና ስም ነው። እናቴ «መንገድ ላይ የቀረችው እሷ ናት» ብለው ነው የሰጧቸው። ስም ሰጥቼ መጣሁ ሲሉኝ የማንን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ምን ያስጠይቃል ብዬ። በየእሑዱ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ሲለመንላት የኖረችው እኔ ነኝ።

አደራ አሉኝ ያልሁሽ ውሸት ነው። ሊያርፉ ሲሉ እጄን የያዙት እውነት ነው። ያሉኝ ግን «የምትነግሪኝ ነገር አለሽ?» ነው። ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለቱንም ጊዜ «የለኝም» አልኋቸው።

ከደቅ ከተመለስሁ ጀምሮ ቁጣ እንጂ እንባ አልመጣልኝም። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ገበታ ላይ፣ ያን ሁሉ ዘመን! አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት? እኔስ አንድ ቃል ብናገር? መቃብራቸው ላይ ሄጄ ተቆጥቻቸዋለሁ፤ ሰው እያየኝ። እናትሽንም ይቅር ያልሁ እንዳይመስልሽ። ቤት አልነበራትም ያልሽው ግን ትክክል ነው፤ ያንን አስቤው አላውቅም። ያ ጥፊም ላንቺ የሚገባ አልነበረም።

ለአባትሽ የቀረ ነገር የለም። የቀረው የኔ ነው። እኔ መርዶ አልተነገረኝም፤ ሊነግረኝ የመጣውን ሰው አባርሬዋለሁ። ስለዚህ ስትመጪ ከደብረ ዘይት እሱን ይዘሽው ነይ። ይምጣልኝ በይው፤ እንቢ ካለሽ ለምኝው። እኔን ሳታሳውቂ ጎረቤቶቹን አንቺ ጥሪ። ሐምሌ 21 ገና ሳይነጋ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ በሩን አንኳኩ። ማናችሁ እላለሁ። ምናልባት አልከፍትም፤ ምናልባትም እሳደባለሁ፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። እንዳትመለሱ። ግቡና ወንድምሽ ሞቷል በሉኝ።

አክስትሽ ፀሐይወርቅ አካሉ